የፌንጣ ትርፍ ጥርስ

ግንቦት 6 ቀን ሰዓት ሠሪው ታላቅ ወንድሜ ሲሞት፣ ጠረጴዛው ላይ ደቂቃ ቆጣሪው ያልተገጠመለት የግድግዳ ሰዓት ነበር። ሥራውን ያቋረጠው ከሁለት ቀን በፊት፣ በውሻው ምክንያት ነው።

ፌንጣ የምንላት ይህች ውሻ ከጫማ ሣጥን አትበልጥም፤ ከወንበር ወንበር ስትዘል ትውላለች። ያን ሰሞን ግን ምግብ እምቢ አለች። እንዲህ ያለች ትንሽ ፍጥረት ጾሟን ብዙ እንደማትቆይ ጋሼ ያውቃል።

«ተዋት ጋሼ፣ ቀብጣ ነው» አልኩት።

«ብትቀብጥማ ትዘል ነበር። እስቲ ያዥልኝ።»

የሰዓት ማጉያውን ዓይኑ ላይ ሰክቶ አፏን ከፈተ። ብዙ ቆየ።

«ጉድ እኮ ነው! የወተት ጥርሷ ሳይወልቅ አዲሱ ከጎኑ በቅሏል። ድዷ የቆሰለው ለዚህ ነው።»

«ታዲያ በወረንጦህ ንቀለዋ።»

«እኔ የለመድኩት የማይነክስ የሰዓት ጥርስ ነው፣ እህቴ።»

በማግስቱ፣ ግንቦት 5 ቀን፣ ሸሚዙ ውስጥ ሸጉጦ ወደ እንስሳት ሐኪም ወሰዳት። ጥርሱን አስነቀለላት፤ ሲመለስ የተፈጨ ሥጋ ገዛ። አመሻሽ ላይ ቀቅሎ፣ አቀዝቅዞ አቀረበላት። በየትኛው ጎኗ እንደምታኝክ ለማየት መሬት ላይ በሆዱ ተኝቶ፣ ሳህኑን ልሳ እስክትጨርስ ጠበቃት።