ምንም ሳትይዢ

እህቴ ሠላሳ አራት ዓመት በሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል አንሶላ ስትተኩስ ኖራለች። እኔ እታለም ነበር የምላት። ባልደረቦቿ ግን ካውያ ይሏት ነበር፤ ቶሎ ትግላለች፣ ቶሎ ትበርዳለች። ጡረታ ስትወጣ ይዛ የወጣችው ሁለት ያበጡ ጉልበቶችና ጨርቅ ባየች ቁጥር ጫፍና ጫፉን አገናኝታ የማጠፍ አመል ነው።

ሰባ ሦስት ዓመቷ ላይ፣ አንድ ጠዋት ሁለት ሰዓት ገደማ፣ ወጥ ቤት ውስጥ ወደቀች። አጥንቷ አልተሰበረም፤ መነሳት ግን አቃታት። ጎረቤቷ ድስት በማንኪያ ሲደበደብ ሰምታ በር ያስከፈተችው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። እታለም ቀሚሷ መርጠቡን ማንም እንዳያይባት በዕቃ ማድረቂያ ጨርቅ ሸፍናው ነበር። ጨርቁንም ቢሆን አጥፋ ነው የዘረጋችው።

አንድያ ልጇ የግንባታ ተቆጣጣሪ ነው። ክፉ አይደለም፤ ግን ግድግዳ በቱንቢ ካልተለካ ቀጥ ማለቱን የማያምን ሰው ነው። በዚያው ሳምንት መጣና እሱ ቤት እንድትገባ፣ የእሷ ቤት ደግሞ ለሌላ ሰው እንዲሰጥ መወሰኑን ነገራት። እሷ አሻፈረኝ አለች። ሰው ይወድቃል፣ ይነሳል አለችው። አንቺ አልተነሳሽም አላት። ክርክሩ ሲረዝም በልጇ ሐሳብ ተስማሙ፤ በስድስት ወር ውስጥ ምንም ሳትይዝ ከወለል ከተነሳች በቤቷ ትኖራለች፤ ካልተነሳች ዕቃዋን ትጭናለች። ዳኛ እንድሆን እኔን መረጡ። እሺ አልኩ።

በሰፈሩ አዳራሽ ለአረጋውያን ዮጋና ቀላል እንቅስቃሴ የምታስተምር አንዲት ወጣት ነበረች። እታለም በሳምንት ሦስት ቀን መሄድ ጀመረች። እኔም አንዳንዴ እሸኛትና ከኋላ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ አያለሁ። አሰልጣኟ ይምጡ ይቀላቀሉ ስትለኝ እኔ ገና ነኝ እላታለሁ። ስልሳ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ለእታለም ክፉ ነበሩ። አሰልጣኟ እንደ ዛፍ በአንድ እግር ቁሙ ስትል እሷ ግድግዳውን ተደግፋ ሸርተት አለችና ምንጣፉ ላይ ተዘረረች። አጠገቧ የነበሩት ጡረተኛ ጸጉር አስተካካይ ዛፍ ሁኚ ቢሏት ግንድ ሆነች አሉ። አዳራሹ ሳቀ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሟ ግንዷ ሆነ። ስትገባ ግንዷ መጣች፣ ምሳር ደብቁ ይላሉ። ትንፋሽ ወደ ውስጥ፣ ትንፋሽ ወደ ውጭ ሲባል እሷ ዕድሜዬን ሙሉ ያስወጣሁት እንፋሎት ነው፣ ትንፋሽ የት አውቃለሁ ትላለች። በዚህም ይስቃሉ። እኔም እስቅ ነበር።

አልቀረችም። በአራተኛው ወር ወገቧ ተፍታታ፤ በአምስተኛው መነሳትን ለመደች። አሰልጣኟ ያስተማረቻት እንዲህ ነው፤ በጎን መገልበጥ፣ በእጅና በጉልበት መንበርከክ፣ አንድ እግር ወደ ፊት ማውጣት፣ ሁለት እጅ በዚያ ጉልበት ላይ ማሳረፍ፣ ትንፋሽ እያወጡ መግፋት። እቤቷም ጠዋት ጠዋት አሥር ጊዜ ትተኛለች፣ አሥር ጊዜ ትነሳለች። ጸጉር አስተካካዩ ያየ ቀን ግንዱ ለመለመ አሉ፤ በዚያ ቀን ማንም አልሳቀም።

ስድስት ወሩ የሞላበት ቀን እሑድ ነበር። ልጇ ጠረጴዛውንና ወንበሮቹን ሁሉ ግድግዳ ድረስ ገፋቸው። እታለም ሹራቧን አውልቃ አጠፈችና ለእኔ ሰጠችኝ። ተኛች። ተገለበጠች፣ ተንበረከከች፣ እግሯን አወጣች፣ እጇን ጉልበቷ ላይ አሳረፈች፣ ገፋች። ቆመች። እንኳን ልትወድቅ፣ አልተንገዳገደችም። ፊቷ ፈክቶ ወደ ልጇ ዞረች።

"ይዘሻል" አላት።

"ምን ያዝኩ?"

"ጉልበትሽን።"

"የራሴን ጉልበት?"

"ምንም ሳትይዢ ነው ያልነው እማዬ።"

የሚቀልድ መስሏት ሳቀች። "ጉልበቴን ካልያዝኩ በምን ጉልበት ልነሳ?"

ልጇ አልሳቀም። ወደ እኔ ዞረ። "አጎቴ፣ ይዛለች አልያዘችም?"

ቤቴ ከእሷ ቤት የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው። በወደቀችበት ቀን አልፌ አላየኋትም። ደግማ ብትወድቅ የት ነበርክ የሚሉኝ እኔን ነው። ይህን ሁሉ ያሰብኩት አንድ ጊዜ እስክተነፍስ ባለው ጊዜ ነው።

"ይዛለች" አልኩ።

እታለም ሹራቧን ከእጄ ወሰደች። "አንተም ቱንቢ ገዛህ?" አለችኝ። ዕቃዋንም ጫነች።

ልጇ የሰጣት ክፍል ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። በአልጋውና በቁም ሣጥኑ መካከል ያለው ቦታ ለአንድ እግር እንጂ ለሁለት አይበቃም። ምራቷ ደግ ናት፤ ደክመዋል ይረፉ፣ እኛ አለን እያለች ውኃ እንኳ ሳይቀር አልጋዋ ድረስ ታመጣላታለች። የእታለምን የዮጋ ምንጣፍም ጠቅልላ ቁም ሣጥኑ አናት ላይ ሰቀለችው። አዳራሹ ሩቅ ሆነ። በሁለተኛው ወር ከዘራ ያዘች፤ በአራተኛው ከወንበር ለመነሳት ሰው ትጠራ ጀመር። ልጇ በር ላይ ሲሸኘኝ "አየህ አጎቴ፣ ብቻዋን ብትሆን ኖሮስ?" አለኝ። ራሴን ነቀነቅኩ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ስሄድ ቤት ውስጥ ብቻዋን ነበረች። ምንጣፉን አውርድና ሳሎን ዘርጋው አለችኝ። ዘረጋሁት። ተኛበት አለችኝ።

"ለምን?"

"ስንት ወር ቁጭ ብለህ ስታይ ከረምክ። የተማርከውን አሳየኝ።"

ተኛሁ። በጎኔ ተገለበጥኩ፤ እንደምንም ተንበረከክኩ፤ አንድ እግሬን አወጣሁና ሁለት እጄን ጉልበቴ ላይ አሳረፍኩ። እጅህን አንሳ አለችኝ። አነሳሁ። ወዲያው በቂጤ ቁጭ አልኩ። ደገምኩት። በሦስተኛው ጀርባዬ ያዘኝና ተዘረርኩ። ከዘራዋ እጇ አጠገብ ነበር፤ አልዘረጋችልኝም።

ከዚያ በለሆሳስ፣ ወሬ እንደምታወራ ሁሉ፣ ስለዚያ የወጥ ቤት ወለል ነገረችኝ። የጎረቤቷ ራዲዮ ይሰማት ነበር። በየሰዓቱ ዜና ሲነበብ ቆጥራለች፤ ሰባት ዜና ሰምታለች። በአራተኛው ዜና ላይ ዛሬ ወንድሜ ብቅ ማለቱ አይቀርም ብላ እንደነበር ነገረችኝ።

በሩ ተከፈተና ልጇ ገባ። በብብቴ ይዞ እንደ ሲሚንቶ ከረጢት አነሳኝና ወንበር ላይ አስቀመጠኝ። ልብሴን አራገፈልኝ። ከዚያ ያንን የመለኪያ ዓይኑን አሳረፈብኝ። ባለቤቴ ከሞተች ወዲህ ብቻዬን እንደምኖር ያውቃል።

"አጎቴ፣ መነሳት አቅቶህ ነው?"

ኮሌታዬን አስተካከልኩ። ወደ እናቱ ዞረ። "እማዬ፣ ራሱን ችሎ ይነሳል?"

እታለም አየችኝ።

"ሁለቴ ተነስቷል" አለች። "በሦስተኛው ተኝተህ ጠብቀኝ ያልኩት እኔ ነኝ።"

"ምንም ሳይዝ?"

"ምንም ሳይዝ።"

አመናት። ሻይ ሊያመጣልኝ ወጣ። ላመሰግናት ስል ምንጣፉን አጥፈህ ወደ ቦታው መልሰው አለችኝ፤ ጠቀለልኩት፤ እንደዚያ አይታጠፍም አለችኝ፤ ደግሜ ዘርግቼ ጫፍና ጫፉን አገናኝቼ አጠፍኩት።

በዚያው ዓመት ክረምት ላይ ሞተች። ሁለት ዓመት አለፋት። እኔ አሁንም በቤቴ ነኝ። ወለል ላይ አንድ ነገር ሲወድቅብኝ ጎንበስ ብዬ አላነሳውም፤ በእግሬ ወደ ግድግዳው እገፋዋለሁ፤ እዚያው ይቀመጣል።