በጾም የተቀዳው ዘፈን

አጎቴ ዕድሜውን ሙሉ አዲስ አበባ፣ ሮክ ባንድ ውስጥ፣ ከዘፋኞች ኋላ ቆሞ ጊታር ሲመታ ኖረ። ፀጉሩ ከሸበተ በኋላ የራሴን አልበም ልሥራ አለ። ለአንዱ ዘፈን ማሲንቆ አስፈለገው። ያውም የማንም ሳይሆን፣ በልጅነቱ እዚህ ላሊበላ ዜማ ያስተማሩት የጎረቤታችን የሽማግሌው። መቅረጫ ከጓደኛው ተውሶ መጣ። የመጣው ግን በዐቢይ ጾም ነው።

እናቴ ስማ ስታበቃ፣ ከተማ ጾም የለም ወይ ብላ ጠየቀችው። ረስቶታል። በጾም እንኳን ማሲንቆ የቤተ ክርስቲያኑ ከበሮም አይመታ።

ሽማግሌው የደጋኑን ጭራ አላልተው ማሲንቋቸውን ግድግዳ ላይ ሰቅለዋታል። እስከ ፋሲካ አትወርድም አሉት። እሱ ደግሞ መቅረጫውን ከፋሲካ በፊት መመለስ አለበት። ያለ እሳቸው አልበሙ የእኔ አይሆንም እያለ ቤታቸው ተመላለሰ። ጊታሩን ተሸካሚዋ እኔ ነኝ።

አንድ ቀን ዜማውን በጊታር አሰማቸው። ፊታቸው ተጨማደደ።

«እንዲህ ነው ያስተማርሁህ?»

«ታዲያ ያርሙኛ፣ አያ።»

ለማረም ማንጎራጎር ሊኖርባቸው ነው። ነፍስ አባታቸው አባቴ ናቸውና እሳቸውን እንድጠራ ተላክሁ። አባቴ ጊታሩን በጎን እያዩ አሰቡ፣ አሰቡና መዝፈን እንጂ ማስተማር አልተከለከለም አሉ።

«እንግዲህ አስተምራለሁ» አሉ ሽማግሌው፣ መቅረጫውን እያዩ። «እሱ ሰማ አልሰማ የእኔ ጉዳይ አይደለም።»

ሽበታሙ አጎቴ እንደ ተማሪ መደቡ ላይ ተቀመጠ። እሳቸው ያንጎራጉራሉ፣ እሱ በጊታር ይከተላል፣ ያቋርጡታል። «ቀስ በል፤ ማን እያባረረህ ነው?» ሲሉት ሳቄ አመለጠኝ። አፌን ብይዝም መቅረጫው ቀድሞኛል።

የፋሲካ ዕለት አጎቴ ዘፈኑን በቴሌግራም ላከልን። የባንዱ ድራም መቺ ከተማ ላይ ድራም ጨምሮበታል። ተግሣጹ አልተቆረጠም፤ ሳቄም አልተቆረጠ። ከሥሩ አብረውት የሠሩትን ሲዘረዝር የእኔንም ስም ጽፏል። እንግዲህ ሮክ አልበም ላይ ሠርቻለሁ፤ የክፍል ጓደኞቼ ካላመኑ ያድምጡ።

ስልኬን ይዤ ሽማግሌው ዘንድ ሄድሁ። ማሲንቆዋን አውርደው ጭራውን እየወጠሩ ነበር። እስከ መጨረሻው ሰሙና ድገሚው አሉኝ። ስደግመው አብረው ገዘገዙ። ዘፈኑ ሲያልቅ እሳቸው ገና መሃሉ ላይ ነበሩ።

«አሁንም ይቸኩላል» አሉ። «ና በይው፤ አሁን በማሲንቆ ላስተምረው።»

ይህንኑ ለአጎቴ ጻፍሁለት። አልበሙ ገና አላለቀም ብሎ መለሰልኝ።