ክፍያቸውን በማሾ ያደረጉት ሴቶች

ንጋት፣ አዲስ አበባ
ጎህ ሲቀድ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። እህቴ ሰላማዊት ሸዋ ሮቢት ነርስ ሆና ከተመደበች ወዲህ ሄጄ አልጠየቅኋትም።

ረፋድ፣ ከጣርማበር ቁልቁል
ከጣርማበር የመኪና ዋሻ ስንወጣ ጉም ነው። ደብረ ሲና ላይ ጃኬቴን አወለቅኩ። ሾፌሩ በመስታወት አየኝና «ሮቢት ስትደርስ ሸሚዙም ይከብድሃል» አለኝ። አልዋሸም። ከግራ ከቀኝ ሽንኩርት፣ ፓፓያ፣ ማንጎ፣ ማሾ የሚባለው ጥራጥሬ አረንጓዴ ማሳ። እዚህ አገር ማን ይርበዋል ብዬ አሰብኩ።

ቀትር፣ ሸዋ ሮቢት
እህቴ በባጃጅ ተቀበለችኝ። ምሳ የምንበላው ጎረቤቷ ዘሃራ ቤት ነው። ዘሃራ ባሏ ሞቶባት፣ በሰው ማሳ ማሾ እየለቀመች ሁለት ልጆች ታሳድጋለች። ታሪኳን እህቴ በመንገድ አጫወተችኝ።

አምና ትንሿ ልጇ ፋጡማ ክስት ብላ ጤና ጣቢያ መጣች። እህቴ እንደተማረችው «እንቁላል፣ ጥራጥሬ፣ አትክልት ይስጧት» አለች።

ዘሃራም «የቀን ክፍያዬ ዱቄትና ዘይት ላይ ያልቃል። የቱን ልተው?» ብላ ጠየቀቻት።

«እውነቷን ነበር፣ ጋሼ» አለችኝ እህቴ። «የኔም ደመወዝ ከቤት ኪራይ ተርፎ ከሽሮ አያልፍም ነበር።»

ዘሃራ ወደ ማሳው ባለቤት ሄደች። ግማሹን ክፍያዋን በማሾ እንዲሰጣት ለመነችው። ማሾው ለነጋዴ ነው ብሎ እምቢ አላት። በማግስቱ ለቀማ ቀረች። የቀረ ሰው ቦታው በሌላ እንደሚያዝ ታውቃለች። ነገሩን የሰሙ ለቃሚ ሴቶች ግን እነሱም ቀሩ። የደረቀው ማሾ በፀሐይ እየፈነዳ መሬት ላይ ሲራገፍ፣ ሰውየው ራሱ ደጇ ድረስ መጥቶ ለሁሉም ግማሽ ክፍያቸውን በማሾ ሊሰጥ ተስማማ።

ከሰዓት በኋላ፣ ዘሃራ ቤት
«ጋሼ፣ ቢስሚላህ ብለው ይቅረቡ» አለችኝ። እንጀራ በማሾ ወጥ፣ ቲማቲም በቃሪያ፣ የተቆረጠ ፓፓያ። ጤፉ የእህቴ፣ ማሾው የዘሃራ። ሁለቱ ቤቶች አንድ ላይ መብላት ከጀመሩ ቆይተዋል። ፋጡማ ጉንጯ ሞልቷል፤ ከፊቴ ያለውን ወጥ ሳታፍር ትስባለች።

«ከለቀማ የቀሩ ቀን አልፈሩም?» አልኳት ዘሃራን።

«እንዴት አልፈራ? እንቅልፍም አልወሰደኝ። ግን ማሾውን ስለቅም ውዬ ባዶ እጄን መግባቱ ይብስብኝ ነበር።»

ልጆቹን አጎረሰችና ወደ ትሪው ቀረበች።

«ድሮ የምበላው እነሱ የተዉትን ነበር» አለች። «የሚተዉት ግን አልነበረም።»

ከዚያ ዝቅ ብላ እንጀራ ጠቀለለችና ከኛ ጋር መብላት ጀመረች።