ፀሐይ በማትወጣበት አገር የከረሙት

የልጅ ልጄ ዐረብ አገር አምስት ዓመት ሠርታ ስትመለስ፣ ካቋረጥሁበት ክፍል ልጀምር ብላ ደብረ ታቦር ትምህርት ቤት ገባች። የምትኖረው ከእኔ ጋር ነው። የክፍሏ ልጆች በዕድሜ ብዙ ያንሷታል። አንድ ቀን ተነሥታ ስታነብ ተንተባተበችና ሳቁባት። ቤት ገብታ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ፣ «አባየ፣ ዳግመኛ ከሳቁብኝ ወደዚያው እመለሳለሁ። ያኔ የላከኝ ደላላ በየሳምንቱ ይደውልልኛል» አለችኝ። እነዚያን አምስት ዓመታት እንዴት እንደ ገፋኋቸው የማውቀው እኔ ነኝ።

ብዙም ሳይቆይ መምህሩ ለየተማሪው አንድ አንድ ነገር አድሎ፣ አጥንታችሁ ለክፍሉ አስረዱ አለ። ለእርሷ የደረሳት፣ ሰው ሳይኖር በፊት በምድር ጫፍ ስለ ኖሩ አውሬዎች ነው። ዳይኖሰር ይሏቸዋል። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ደጅ ፀሐይ ስሞቅ፣ ወረቀቷን ይዛ ፊቴ ቆመች።

«በምድር ጫፍ በሙቀቱ ወቅት ፀሐይ ለወራት አትጠልቅም፤ በብርዱ ወቅት ደግሞ ለወራት አትወጣም።»

«ታዲያ ጾሙ በስንት ሰዓት ይፈታል?»

«አባየ! ያን ጊዜ ሰው የለም አልሁዎት እኮ!»

«እሺ፣ ቀጥይ።»

አውሬዎቹ ያን ሁሉ ጨለማ እዚያው ሆነው ከረሙ ስትለኝ ግን አላመንሁም። እኛ ሣር ሲጠፋ ከብቱን ወደ ይፋግ ሜዳ እናወርድ የለ? «እነርሱም ወርደው ነው እንጂ» አልኋት።

ፊቷ ጠቆረ። «ልጆቹም የሚጠይቁኝ ይህንኑ ነው። መልሱ አጥንታቸው ላይ ያለው ቀለበት ነው፤ ግን ሳስረዳው ለራሴም አይገባኝ። በጨለማው ወቅት ምግብ ሲያንስ እድገታቸው ይገታል፤ ብርሃን ሲመጣ እንደገና ይቀጥላል። የተገታበት ቦታ መስመር ይቀራል። ምግብ ወዳለበት ወርደው ቢሆን ያ መስመር ለምን ይቀር ነበር?»

«እንደ ላም ቀንድ ነዋ!»

«እንዴት?» አለችኝ። ገሳይ ገበያ ላም ስገዛ የኖርሁት ቀንድ በጣቴ እየዳሰስሁ ነው። ላም በወለደች ቁጥር ሰውነቷ ይጎዳል፤ ቀንዷም ላይ ቀለበት ይቀራል። ሻጩ «ገና ሁለተኛዋ ነው» ብሎ ቢምል፣ ቀንዱ ስድስት ካለ ስድስት ነው። ተነሥቼ፣ ግድግዳው ላይ ለልብስ መስቀያ የተከልሁትን የአሮጌ ላሜን ቀንድ ነቅዬ ሰጠኋት። በጣቷ ዳሰሰችው፤ ደግማ ዳሰሰችው። ከዚያ ሳቀች።

ማክሰኞ የማስረዳት ተራዋ ነበርና አብሬያት ሄድሁ። መምህሩ ፈቅዶልኝ ከኋላ ተቀመጥሁ። ቀንዱን ከቦርሳዋ ስታወጣ አንዱ ጎረምሳ፣ «ኧረ ዋግምት ልታግመን ነው!» አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ከዘራዬን ጨበጥሁ።

«አንተን? አንተ ደግሞ ምን ደም አለህና!» አለችው።

አሁን የተሳቀው በእርሱ ነው።

ቀንዱ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። «ቀንድና አጥንት አንድ አይደሉም፤ የክፉ ጊዜ ምልክት መያዛቸው ግን ያመሳስላቸዋል» አለች። ረጅሙን ቀን እንደ ልባቸው ሲግጡ እንደ ሰነበቱ፣ ጨለማው ሲመጣ ባገኙት ቅጠላ ቅጠል እንደ ከረሙ፣ ከመካከላቸውም ላባ የለበሱና ዓይናቸው የተለቀ እንደ ነበሩ አስረዳች። አንዴም አልተንተባተበችም።

አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። «ወደ ሞቃት አገር ሄደው ቢሆንስ?»

እኔ ራሴ የጠየቅሁት ነገር!

«አንዳንዶቹ ሄደው ይሆናል። የጫጩቶቻቸው አጥንት ግን እዚያው ተገኝቷል። ገና ከእንቁላል የወጣ ጫጩት ያን ሁሉ መንገድ በየት እግሩ ይሄዳል?»

ቀድሞ ያጨበጨበው ያ ጎረምሳ ነው። ከዚያ ሁሉም አጨበጨበ።

ወደ ቤት ስንመለስ ስልኳ ጮኸ። ደላላው ነው። «ተማሪ ነኝ፤ ሐሙስ ፈተና አለብኝ። ከእንግዲህ አትደውልልኝ» ብላ ዘጋችው።

መንገዱ ሰው በሰው ነበር። በዚህ ዕድሜ መንገድ ላይ መፎከር ነውር ነው ይላሉ። ይበሉ። ከዘራዬን ወደ ላይ ሰብቄ ፎከርሁ።

«አባየ! ኧረ ሰው ያየናል!»

«ይየን!»