ታሻ የያዘችልኝ ወንበር

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጋሽ ታዬ፣ የወጣቶች መጽሔታችን አዘጋጅ፣ «ታሪክሽ ተመርጧል፤ የፊታችን ቅዳሜ አዳራሹ ውስጥ ታነቢዋለሽ» ሲሉኝ እግሬ መሬት አልነካም፤ እየሮጥኩ ፓርኪንጉ ጋ ስደርስ ለሰንበት ትምህርት ልጆች የተገዛው አሮጌ ቢጫ አውቶቡስ በሩን ከፍቶ ቆሟል፣ ፀሐይ የጠበሰው የወንበር ፕላስቲክና የሙዝ ልጣጭ ሽታው ባንዴ የስምንት ዓመት ልጅ አደረገኝ።

ያኔ እዚሁ አሜሪካ፣ ኢስት ፖይንት የምትባል ከተማ ነበር የምንኖረው። ከጎናችን ታሻ የምትባል ጥቁር አሜሪካዊት ጓደኛዬ ትኖር ነበር፤ የፊት ጥርሳችን እንኳ ባንድ ሳምንት ነው የወለቀው። የሰፈራችን ትምህርት ቤት ጥቁር ብቻ ስለሆነ፣ ልጆችን ለማቀላቀል ሲባል የፈለገ ጥቁር ልጅ ነጮች ወደሚበዙበት ትምህርት ቤት በአውቶቡስ ይወሰዳል ተባለና ሁለታችንም አፕላይ አደረግን። የመጀመሪያው ቀን ጠዋት በአዲስ ጫማ ተሰልፈን ታሻ ገባች፤ እኔ ስከተላት ሾፌሯ ሚስ ሎሬታ ዝርዝሩን ሁለቴ አየችና «ስምሽ የለም፣ የኔ ቆንጆ» አለችኝ። በሩ ተዘግቶ አውቶቡሱ ሲሄድ፣ በአዲሱ ጫማዬ ወደ ቤት ተመለስኩ።

አባዬ የሠርጉን ከረባት አስሮ፣ እኔን አስከትሎ ትምህርት ቤቶቹን የሚያስተዳድረው ቢሮ ሄደ። ጸሐፊዋ አባዬ የሞላውን የማመልከቻ ቅጽ አወጣች።

«ጌታዬ፣ አውቶቡሱ ለጥቁር ልጆች ነው።»

«ታዲያ ልጄ ምንድን ናት?»

«እርስዎ ‹ሌላ› የሚለው ላይ ምልክት አድርገው፣ ከጎኑ ‹ሐበሻ› ብለው ጽፈዋል።»

አባዬ ሰውን በአገሩ እንጂ በቀለሙ መጥራት አያውቅም። ያንን የሚኮራበትን የእጅ ጽሑፉን አየ፣ ቀጥሎ እኔን አየ፣ ልክ ያን ጠዋት የተወለድኩ ይመስል። ከዚያ በቀስታ «እስክሪብቶ ይስጡኝ» አለ።

ወረቀቱ እስኪስተካከል ሳምንት ሙሉ ታሻ ቦርሳዋን አጠገቧ አስቀምጣ፣ ለመጣው ሁሉ «ሰው አለው» እያለች ቦታዬን ጠበቀችልኝ። ሦስት ዓመት አብረን ተመላለስን። ከዚያ ፕሮግራሙ ቀረ ተባለ፤ እኛ ማሪዬታ የምትባል ሌላ ከተማ ቤት ገዛን፣ ታሻ ወደ ሰፈሯ ትምህርት ቤት ተመለሰች፣ ስልኩም ውሎ አድሮ ዝም አለ። ዛሬ አባዬ በመኪና ያደርሰኛል፤ አጠገቤ ያለው ወንበር ላይ የሚቀመጠው ቦርሳዬ ብቻ ነው።

ለታሻ በድሮው አድራሻዋ የቅዳሜውን የጥሪ ካርድ ልኬያለሁ። እናንተም ቅዳሜ ኑ። ፊት ለፊት አንዱ ወንበር ላይ ቦርሳ ታያላችሁ፤ እሱ ሰው አለው። የቀሩት የእናንተ ናቸው።