ሦስት ፍሬ ባቄላ

ዳይሬክተሩ በድሎኛል። «ፊደል ያልቆጠረ ዘበኛ የኮምፒውተር ትምህርት ውስጥ ምን ያደርጋል» ብሎ ተማሪ ፊት ከሰልፍ አስወጥቶኛል። ሞተ አሉ፤ ይቅር ግን አላልኩትም።

ዛሬ ጎረቤት ብረት ሲቀጠቀጥ ሰምቼ ነው ትዝ ያለኝ። ቢቸና ዘበኛ የነበርኩበት ትምህርት ቤት ደወሉ ከዛፍ የተንጠለጠለ የመኪና ቸርኬ ነበር። መምህርቷ የትምህርት ቤቱ አሮጌ ኮምፒውተር እንዴት እንደሚሠራ ልታሳይ ተማሪዎቿን ግቢው ውስጥ አሰለፈች። ዝናቡ አባርቶ እርጥቡ ሣር ይሸታል። እሷ ፕሮሰሰር፣ ተማሪዎቹ ሜሞሪ። ለየሰዉ ቁጥር ሰጠች፣ የተወሰነ ባቄላም አስያዘች። አንድ ሰው ሲጎድልባት እኔን ከበሩ ጠራችኝ። «አንተ አምስት ነህ» ብላ ሦስት ፍሬ አስጨበጠችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቁጥርህ እስኪጠራ ዝም ትላለህ። ከቁጥሩ በኋላ «ንባብ» ወይም «ጽሑፍ» ትላለች፤ ቸርኬው ሳይመታ ግን ማንም አይነቃነቅም። ጽሑፍ ከሆነ የያዝከውን ጥለህ የመጣልህን ትይዛለህ። ንባብ ከሆነ መዳፍህን ትከፍታለህ፤ ተላላኪ የተደረገው ተማሪ አይቶ ያንኑ ያህል ከባቄላው እንቅብ ቆጥሮ ይወስድላታል።

«አምስት፣ ንባብ» አለች። ቸርኬው ጮኸ። እኔ ጎንበስ ብዬ ባቄላዬን በሁለት እጄ ለተላላኪው ዘረገፍኩለት። መምህር የጠየቀችውን አሳይቶ መልሶ መጨበጥ እኛ ዘንድ ነውር ነዋ። ተማሪው «ዘበኛው ሜሞሪውን አራቆተው» እያለ ተንከተከተ። እሷ አልሳቀችም። መጥታ ባቄላውን መለሰችልኝና ጣቶቼን በጣቶቿ አጠፈቻቸው። እጇ ጠመኔ ጠመኔ ይላል።

«አሳይ እንጂ አትስጥ። ሲነበብ አይጎድልም።»

ዳይሬክተሩ የደረሰው ያኔ ነው። ስወጣ ባቄላውን ልመልስላት ስል «ያዘው፣ እጠራሃለሁ» አለችኝ።

ክረምቱ ሲገባ ሞጣ ተዛወረች። አልጠራችኝም። ያ ኮምፒውተር መብራት ሲጠፋ የያዘውን ሁሉ ይረሳል ብላን ነበር። እኔ ምን የሚጠፋ መብራት አለኝ።

ማታ ማታ ከልጆች ጋር ተቀምጬ ፊደል ቆጠርኩ። ዳይሬክተሩ በእሱ እልህ የተማርኩ ይመስለው ነበር። መምህርቷ ማስተማሩን ትታ ሱቅ ከፈተች ሲሉ ስሰማ ሞጣ ሄድኩ። ማንንም ሳልጠይቅ፣ በር በሩን እያነበብኩ ስሟን አገኘሁት።

የእኔን ስም አታውቀውም፤ ጠይቃኝም አታውቅ። ልጅ አዝላለች። ትንሽ አየችኝና፣ ቀስ ብላ፣ «አምስት» አለች።

መዳፌን ከፈትኩ። ባቄላው ጠቁሯል። አየችው፤ አልነካችውም። ባሏ ከጓዳ ሲጠራት «መጣሁ» ብላ ገባች። እኔም ባቄላዬን ጨብጬ ወጣሁ።

ነገሬ ያን ቀን ተዘጋ። ዕለቱ ኅዳር ሚካኤል፣ 2002 ዓ.ም. ነበር።