የዓሣ ነባሪው ጣት

በግብፅ ፋዩም በረሃ ሾፌሩ መሕሩስ የሚያመላልሳት ተመራማሪ ሴትዮ ድንጋይ ትልሳለች። ግራ እግሯን እየጎተተች ሄዳ ጎንበስ ትላለች፤ ታነሳለች፣ ትልሳለች፣ ትጥላለች። ፀሐዩ ምንም ቢከር የዚያን እግር ወፍራም ካልሲ አታወልቅም።

«ዶክተር፣ ፉል አምጥቼልዎት የለም እንዴ? ድንጋይ ምን አስላሰዎት!» ይላታል።

«ተራ ድንጋይ ምላስ ላይ አይጣበቅም፤ የጥንት አጥንት ግን ይጣበቃል።»

ዛሬ ተጣበቀ። ከምላሷ አላቃ ብታገላብጠው ጊዜ ጩኸቷን ለቀቀችው፦ «መሕሩስ! ጣት ነው! ዓሣ ነባሪ ሰላላ፣ የማያስኬድ እግር ከነበረው ዘመን የተረፈ ጣት! ስንት ዘመን ፈለግሁት!»

አሸዋው ላይ ዘጭ ብላ ካልሲዋን ጎትታ አወለቀች። አጥንቱንም ከዚያች ቀጭን፣ ጠማማ እግሯ ጣቶች ጎን አስቀመጠችው።

«ና፣ ዘመዴን ላስተዋውቅህ!»